የመጀመሪያ የካሳ ሪፖርቴ፦ ችሎቱ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ከየት ልጀምር?

ብርቱካን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 30 ሰዓቱን ሥልጠና ጨርሼ፣ ዳኛ ፊት ቃለ መሐላ ፈጽሜ የመጀመሪያ ጉዳዬን ተረክቤያለሁ። ለአዲስ አንባቢ፦ እዚህ አሜሪካ «ካሳ» የምንለው የጉዳት ካሳ አይደለም። ከቤተሰባቸው ተወስደው ፎስተር ኬር (በመንግሥት ኃላፊነት ሌላ አሳዳጊ ዘንድ መኖር) ለገቡ ልጆች ፍርድ ቤት የሚሾመው የበጎ ፈቃድ ተሟጋች ነው።

ጉዳዩ የሁለት ልጆች ነው፤ አንዷ ታዳጊ፣ አንዱ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ። በሁለት የተለያዩ አሳዳጊዎች ቤት ነው ያሉት። የሚቀጥለው ቀጠሮ [የካውንቲው ስምና ቀኑ በአወያይ ተነስቷል] የስድስት ወር ግምገማ ችሎት ነው። የተሰጠኝ መዝገብ ከ200 ገጽ በላይ ነው።

የቸገረኝ ይሄ ነው። መዝገቡን ከየት ጀምሬ ላንብበው? ማንን አስቀድሜ ላነጋግር? ትምህርት ቤት ደውዬ «መረጃ አንሰጥም» ተባልኩ፣ ክሊኒኩም እንደዚያው። ሪፖርቱ ላይ «የውሳኔ ሐሳብ» የሚለው ክፍል ምን ያህል ዝርዝር መሆን አለበት? በመጨረሻም እናትየዋ አማርኛ ተናጋሪ ናት፤ ኬዝ ወርከሯ (ጉዳዩን የያዘችው የልጆች ጥበቃ ኤጀንሲው ሠራተኛ) «ቋንቋውን ስለምትችዪ አንቺው አስተርጉሚልን» ብላኛለች። እሺ ልበላት?


መዝገብ አገላባጭ

እህት ብርቱካን፣ እንኳን ደስ አለሽ። አወያዩ ካውንቲውንና ቀኑን ማንሳቱ ልክ ነው። የልጆቹን ስም ባትጽፊም፣ ካውንቲ፣ የችሎት ቀንና የእናትየዋ ቋንቋ አንድ ላይ ከተገኙ የኛ ሰው ማን እንደሆኑ ለመገመት ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ከእንግዲህ ዝርዝሩን ለሱፐርቫይዘርሽ (በካሳ ፕሮግራምሽ ለምትከታተልሽ ኃላፊ)፣ እዚህ ግን በጥቅሉ ጠይቂ።

ከመዝገቡም በፊት የሹመት ትእዛዝሽን አንብቢ። ብዙ ሰው ፋይል ውስጥ ከትቶት ያልፋል። ሁለቱም ልጆች በሙሉ ስማቸውና በትውልድ ቀናቸው ተጠቅሰዋል? የትምህርት ቤት፣ የሕክምናና የአእምሮ ጤና መዝገብ ማየት እንደምትችዪ ለየብቻ ይላል ወይስ «አስፈላጊ መረጃ» ብሎ አልፎታል? በሁለተኛው መልክ ከተጻፈ ክሊኒኩ በር ላይ ትመለሻለሽ፤ በጊዜ ለሱፐርቫይዘርሽ ከነገርሽ ግን ትእዛዙ ሊስተካከል ይችላል። ማኅተም ያለበት ቅጂ አራት ያህል ያዢ፤ ትምህርት ቤቶቹም ክሊኒኮቹም አንዳንድ ያስቀራሉ።

መዝገቡን ከኋላ ወደ ፊት ነው የምታነቢው። መጀመሪያ የመጨረሻውን የፍርድ ቤት ትእዛዝ አውጪ። አንድ ወረቀት ላይ አምስት ዓምድ አስምሪ፦ ዳኛው ምን አዘዙ፣ ማን ይፈጽመው፣ እስከ መቼ፣ ተፈጽሟል ወይ፣ በምን አወቅሽ። የግምገማ ችሎት ማለት ከሞላ ጎደል ይህ ወረቀት ነው። ዳኛው «ባለፈው ያዘዝኩት የት ደረሰ?» ብለው ነው የሚጀምሩት። የአምስተኛው ዓምድ ክፍት ቦታዎች ደግሞ ቀጣይ አምስት ሳምንትሽን ይነግሩሻል።

ከዚያ ወደ መጀመሪያው አቤቱታ ተመለሺ፣ ልጆቹ ለምን እንደተወሰዱ የሚናገረው ማለቴ ነው። ቀጥሎ ዳኛው ማስረጃ ሰምተው «ይህ ተረጋግጧል» ያሉበትን ትእዛዝ አንብቢ። እነዚህን ሁለቱን እንዳታምታቺ። በአቤቱታው አምስት ነገር ተከሶ ዳኛው የተቀበሉት ሁለቱን ብቻ ሊሆን ይችላል። የቀሩትን ሦስቱን እንደ ተረጋገጠ ነገር ከጻፍሽ የእናትየዋ ጠበቃ ወዲያው ይነሳብሻል፤ ከዚያ ወዲያ በትክክል የጻፍሽውም አብሮ ይጠረጠራል።

ሦስተኛው ነገር የቀን ቆጠራ ነው፤ የሚሳሳተው ብዙ ነው። በ1997ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት የልጁ ዘላቂ ኑሮ የሚወሰንበት ችሎት በ12 ወር ውስጥ መካሄድ አለበት። ልጁ ከ22 ወር ውስጥ 15ቱን ፎስተር ኬር ካሳለፈ ደግሞ ኤጀንሲው የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ አቤቱታ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ቆጠራው የሚጀምረው ግን ልጁ ከቤት ከወጣበት ቀን አይደለም። ዳኛው በደል ወይም ቸልተኝነት መኖሩን ካረጋገጡበት ቀንና ከተወሰደ 60ኛው ቀን፣ ከሁለቱ ቀድሞ ከመጣው ነው። ማርች 10 ተወስዶ ኤፕሪል 20 ከተረጋገጠ ቆጠራው ከኤፕሪል 20 ነው። ማረጋገጫው ጁን ላይ ቢመጣ ኖሮ ከሜይ 9 ይሆን ነበር። ስቴትሽ ያጠረ ጊዜ ሊኖረው ስለሚችል ሱፐርቫይዘርሽን ጠይቂ። 15ቱ ወርም ቢሆን በር አለው፦ ልጁ ዘመድ ጋር ካለ፣ ማቋረጡ ለልጁ እንደማይጠቅም የሚያሳምን ምክንያት ከተጻፈ፣ ወይም ኤጀንሲው ለቤተሰቡ ማቅረብ የነበረበትን አገልግሎት ካላቀረበ። ሦስተኛውን በር የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ያ ባለ አምስት ዓምድ ወረቀት ነው።


ቦርሳና ማስታወሻ

ስለ ቅደም ተከተሉ ልጨምር። ሱፐርቫይዘር፣ ኬዝ ወርከር፣ የልጆቹ ጠበቃ፣ ከዚያ ልጆቹ ራሳቸው፣ አሳዳጊዎቹ፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪምና ቴራፒስት። ወላጆችን ከማነጋገርሽ በፊት ጠበቃቸው ማወቅ እንዳለበትና እንደሌለበት ከፕሮግራምሽ አረጋግጪ። በየቦታው አሠራሩ ይለያያል፤ ጠበቃውን ዘሎ እናትየዋ ዘንድ የሄደ ተሟጋች ደግሞ በጉዳዩ ቆይታ ሁሉ ይወቀሳል።

አምስት ሳምንት የሚያልቀው መዝገብ እስኪመጣ ሲጠበቅ ነው። ስለዚህ ደብዳቤዎቹን በመጀመሪያው ሳምንት ላኪ፣ ጉብኝቶቹን በሁለተኛውና በሦስተኛው መጀመሪያ አድርጊ፣ የሦስተኛው መጨረሻ የመጻፊያ ይሁን። ፕሮግራሞች ረቂቁን ከችሎቱ አሥር ቀን ወይም ሁለት ሳምንት ቀድመው ይፈልጉታል፤ የፍርድ ቤቱ ማስገቢያ ቀን ሌላ ነው። እንግዲህ አምስት ሳምንት አለኝ ብለሽ ስታስቢ ያለሽ ሦስት ነው።

ትምህርት ቤቱ «አንሰጥም» ማለቱ ክፋት አይደለም። የተማሪ መዝገብ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በ2013 የወጣው የፌዴራል ማሻሻያ በሩን የከፈተው ለልጆች ጥበቃ ኤጀንሲው ነው። አንቺን የሚያስገባሽ ትእዛዙ ነው፣ ስለዚህ በስልክ አይሆንም። ትእዛዙን ይዘሽ መምህሯ ጋ ሳይሆን መዝገብ ሹሟ ጋ ሂጂ፤ የጠየቅሽውንም ጽፈሽ ስጪ፦ የቀሪ መዝገብ፣ ውጤት፣ የዲሲፕሊን መዝገብ፣ ልዩ ድጋፍ ካለ እቅዱን፣ ለታዳጊዋ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ከገባች የክሬዲት (ለመመረቅ የሚቆጠር የትምህርት ነጥብ) ዝርዝር። የመጨረሻውን ሰው ይረሳዋል። ልጅ በሴሚስተር መሀል ትምህርት ቤት ሲቀይር የጀመረው ግማሽ ክሬዲት ይጠፋል፤ በየቤቱ ሲዘዋወር ይደራረብና 12ኛ ክፍል ላይ ሲደርስ ነው የሚታየው። በ2015ቱ የትምህርት ሕግ መሠረት ደግሞ ለልጁ አይበጀውም ካልተባለ በስተቀር የአሳዳጊ ቤት ቢቀየርም በነበረበት ትምህርት ቤት መቆየት አለበት። መቀየር ካስፈለገም ወረቀቱ ባይሟላ እንኳ ወዲያው መመዝገብ አለበት። «ወረቀት እስኪመጣ ቤት ይቆይ» ከተባለ ስንት ቀን ቤት እንደቆየ ቁጠሪ፤ ያ ቁጥር ለሪፖርቱ ይጠቅማል።

ቴራፒስቷን የክፍለ ጊዜ ማስታወሻዋን አትጠይቂያት፤ አትሰጥሽም፣ ባትሰጥሽም ትክክል ናት። ስንት ቀጠሮ ተይዞ ስንቱ ተካሄደ፣ የሕክምናው ግብ ምንድን ነው፣ ምን ትመክራለች፤ እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። የእናትየዋ የሱስ ሕክምና መዝገብ ካለ እሱ በተለየ የፌዴራል ደንብ የታጠረ ነው። ለልጆቹ የተሰጠሽ ትእዛዝ አይከፍተውም፤ የእሷ የጽሑፍ ፈቃድ ወይም ልዩ ትእዛዝ ይፈልጋል።

ልጆቹን ለየብቻ፣ በሚኖሩበት ቤት ጎብኚ። ከችሎቱ በፊት ቢያንስ ሁለት ሁለቴ፣ ከዚያም ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ። መጀመሪያ ማን እንደሆንሽ በልጅ ቋንቋ ንገሪያቸው፦ «የማየውንና የምትነግሩኝን ለዳኛው የምነግር ሰው ነኝ፤ ሰው የሚጎዳችሁ ነገር ከሆነ በምስጢር መያዝ አልችልም።» ወደ ቤት እንደሚመለሱ ቃል አትግቢ። በደሉን እንዲተርኩልሽም አትጠይቂ፤ ለዚያ የሠለጠኑ መርማሪዎች አሉ፤ መሪ ጥያቄ ከጠየቅሽ ምስክርነቱ ይበላሻል። ልጁ ራሱ ከተናገረ ስሚ፣ በቃሉ ልክ ጻፊ፣ በዚያው ቀን ለልጆች በደል ጥቆማ መስመሩም ለሱፐርቫይዘርሽም አሳውቂ።

ቤት ውስጥ ምን ልይ ካልሽ፣ ከሁሉ በላይ የሚናገረው የመድኃኒት ብልቃጡ ነው። ስሙን፣ መጠኑን፣ ያዘዘውን ሐኪምና ፋርማሲው የሞላበትን ቀን ጻፊ፣ ፍሬውንም አሳዳጊዋ እያየች ቁጠሪ። በወሩ 3 ላይ 30 ፍሬ ተሞልቶ፣ በቀን አንድ የሚዋጥ ከሆነ፣ በ20ኛው ቀን መቅረት ያለበት 12 ወይም 13 ነው። 25 ካገኘሽ አንድ ነገር አለ። ያ ነገር ግን ቸልተኝነት ነው ብለሽ አትቸኩዪ፤ ከበፊቱ የተረፈ ሁለተኛ ብልቃጥ ሊኖር፣ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ሊሆን ወይም ሐኪሙ በስልክ አቁሙት ብሎ ሊሆን ይችላል። አሳዳጊዋን ጠይቂ፣ ሐኪሙ ጋ አረጋግጪ፣ ሪፖርቱ ላይ ቁጥሩንም መልሱንም አስቀምጪ።


ሸንጎ

እናትየዋን በተመለከተ፦ እሺ አትበይ። ሁለት ባርኔጣ አይደረግም። ያስተረጎምሽው ነገር ነገ ቢያከራክር ራስሽ ለራስሽ ትርጉም ምስክር ልትሆኚ ነው። በዚያ ላይ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ኤጀንሲ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አንቺ በነፃ ከሸፈንሽለት ግዴታው አለመፈጸሙን ዳኛው አያዩትም። ሱፐርቫይዘርሽ ከፈቀደች እናትየዋን በአማርኛ ሰላም ማለትም ሆነ ለራስሽ ሪፖርት ማነጋገር ትችዪያለሽ። ለኤጀንሲው፣ ለቴራፒስት ወይም ለፍርድ ቤት ማስተርጎም ግን አይሆንም። ታዳጊዋ ልጅ ለእናቷ እንድታስተረጉም እየተደረገ ከሆነም በሪፖርቱ ይግባ።

አማርኛ ማወቅሽ ግን ሌላው የማያየውን እንድታዪ ያደርግሻል። አራት ነገር ፈትሺ።

«እሺ»። እናትየዋ ስብሰባ ላይ እሺ፣ እሺ ስትል «ተስማምታለች» ተብሎ ይጻፋል። የኛ እሺ ግን ብዙ ጊዜ «ሰማሁሽ» ነው። የአገልግሎት እቅዱን የፈረመችበትን ቀን ፈልጊና በዚያ ቀን አስተርጓሚ ነበረ ወይ፣ እቅዱ በሚገባት ቋንቋ ተነቦላት ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂ። «እናትየዋ አልተባበረችም» የሚለው ዓረፍተ ነገር መነሻው እዚያ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አስተርጓሚው የምን ቋንቋ እንደነበረም ተመልከቺ፤ «ኢትዮጵያዊት» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ለትግርኛ ወይም ለኦሮምኛ ተናጋሪ የአማርኛ አስተርጓሚ ይላካል።

«ቀጣሁት»። መግረፍም ነው፣ ቴሌቪዥን መከልከልም ነው። አስተርጓሚው አንዱን መርጦ ይላል፣ የመረጠውም መዝገብ ላይ ይቀራል። አንቺ ስትሰሚው «እንዴት አድርገሽ?» ብለሽ ጠይቂ፤ መልሱን እንጂ ቃሉን አትጻፊ። ይህ እናትየዋን ለማዳን አይደለም፤ መልሱ የከፋም ሊሆን ይችላል።

«አጎቴ»። ልጁ አጎቴ ያለው የአባቱ ጓደኛ ሊሆን ይችላል፤ እትዬ የምትባለውም ጎረቤት ልትሆን ትችላለች። በ2008ቱ ሕግ ልጅ ከተወሰደ በ30 ቀን ውስጥ አያቶችና ሌሎች አዋቂ ዘመዶች ተፈልገው ማስታወቂያ እንዲደርሳቸው ይጠበቃል። ያ ፍለጋ በዝምድና ቃል ብቻ ከተካሄደ ወይ የሌለ አጎት ሲፈለግ ይከርማል፣ ወይ በሥጋ የማይዛመድ ነገር ግን ልጁን ያሳደገ ሰው ይዘለላል። ብዙ ስቴቶች እንዲህ ያለውን የቅርብ ሰውም እንደ ዘመድ ስለሚያዩት ማን በምን እንደሚዛመድ የዘር ሐረግ ሥዕል ሠርተሽ ለኬዝ ወርከሯ ስጪ።

ስምና ቀን። እናትና ልጅ የአባት ስማቸው ስለሚለያይ እናትየዋ «በስም አትገናኝም» ተብላ መዝገብ ስትከለከል ይታያል፤ ከሁለት አባት የተወለዱ እህትና ወንድም ደግሞ እንደ ባዕድ ተቆጥረው ይለያያሉ። የቀኑ ስህተት ግን ከዚህም የከፋ ነው። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ 12፣ 2013 ነው። የልደት ወረቀቱ ላይ 5/11/2005 ተብሎ በቁጥር ከሰፈረና ማንም ሳይቀይረው ከተገለበጠ እዚህ ሜይ 11፣ 2005 ተብሎ ይነበባል። ስምንት ዓመት! 14 ዓመት የሞላት ልጅ በእቅዷ ላይ መማከርና እቅዱን ከሚያወጣው ቡድን አባላት እስከ ሁለት ሰው ራሷ መምረጥ በፌዴራል ሕግ መብቷ ነው፤ 18 ሲሞላ ከጥበቃ መውጣት ይመጣል። ስለዚህ ቀኑ ከተሳሳተ የሚዛባው መብቷም ነው። የትምህርት ቤቱን፣ የክሊኒኩንና የትእዛዙን ቀን ጎን ለጎን አድርጊና አነጻጽሪ።

የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ ካለም ምክር አትስጪ። ያላገቡና ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ፣ በበደል፣ በችላ መባል ወይም በመተው ምክንያት ከአንድ ወይም ከሁለቱም ወላጆቻቸው ጋር መኖር ላልቻሉ ልጆች የተለየ የኢሚግሬሽን መንገድ አለ። ግን የልጆች ችሎት ትእዛዝ ስለሚፈልግ ልጁ ከችሎቱ ሥልጣን ከወጣ በኋላ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። «ኤጀንሲው በ30 ቀን ውስጥ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ያገናኝ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው።

አንድ የመጨረሻ፦ ቤተሰቡን ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ ወይም ከእድር የምታውቂያቸው ከሆነ ዛሬውኑ ለሱፐርቫይዘርሽ ንገሪ። ጉዳዩን መልሰሽ መስጠት ቢመጣም ከችሎት ፊት ከመገለጡ ይሻላል።


ብርቱካን (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቀማችሁኝ። ሁለት ልጨምር። ትንሹ ልጅ እህቱን የሚያይበት ቀን መኪና ስለሌለ ሁለቴ ተሰርዟል፤ እኔ ባደርሰውስ? ሁለተኛ፣ ልጅቷ ቤቴ ልመለስ ትላለች፤ እስካሁን የማየው ግን ገና አይመስለኝም። የእሷን ነው የምጽፈው ወይስ የኔን?


መዝገብ አገላባጭ

የመኪናው መልስ ከፕሮግራምሽ መመሪያና ከኢንሹራንሱ ነው፤ ብዙዎቹ አይፈቅዱም ወይም ተጨማሪ ማጣሪያና የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ቢፈቀድ እንኳ አስቢበት። አንቺ ስታደርሺው ጉብኝቱ ይካሄዳል፣ መጓጓዣ ያለመኖሩ ችግር ግን ከመዝገቡ ይጠፋል፤ አንቺ የታመምሽ ሳምንት ደግሞ እንደገና ይሰረዛል። ወንድምና እህት አንድ ላይ ካልተቀመጡ ኤጀንሲው በተደጋጋሚ እንዲገናኙ ጥረት የማድረግ ግዴታ አለበት። የተሰረዙትን ሁለት ቀኖችና ምክንያታቸውን ጻፊ።

የልጅቷን ፍላጎትም ያንቺንም ትጽፊያለሽ፣ ግን በተለያየ ክፍል። የካሳ ሥራ ለልጁ የሚበጀውን መናገር ነው፤ የልጁን ፍላጎት እንደ ደንበኛ ቃል የሚሟገተው ጠበቃው ነው፣ ያውም በሁሉም ስቴት አይደለም። «የልጅቷ ፍላጎት» ብለሽ ለይተሽ በራሷ አነጋገር አስፍሪ፣ አታለዝቢው። ከዚያ የውሳኔ ሐሳብሽን ከነምክንያቱ። ከችሎቱ በፊት ለእሷ ራስሽ ንገሪያት፤ ከዳኛው አፍ የሰማች ልጅ ሁለተኛ ጊዜ አታዋራሽም። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ለጠበቃዋና ለሱፐርቫይዘርሽም በጊዜ አሳውቂ።


ቀይ እስክሪብቶ

ስለ አጻጻፉ ብቻ ልናገር። ፎርሙ የፕሮግራሙ ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ገጽ በቂ ነው። ዳኛው በአንድ ጠዋት ብዙ መዝገብ ያያሉ፤ 12 ገጽ ከላክሽ የሚያነቡት የመጨረሻውን ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ማን እንዳየው ወይም ማን እንደተናገረውና መቼ እንደሆነ ይያዝ። «ቤቱ ንጹሕ ነው» አይባልም፤ «በ14ኛው ቀን ስጎበኝ ልጁ የራሱ አልጋና መሳቢያ ነበረው» ይባላል።

አንድ ምሳሌ እንከተል። ረቂቆች ላይ የሚዘወተረው «እናትየዋ ለልጆቿ ግድ የላትም፣ ጉብኝት ትቀራለች» የሚል ነው። ይህ ፍርድ እንጂ መረጃ አይደለም። የጉብኝት ተቆጣጣሪዋን መዝገብ ስትጠይቂ እንዲህ ይሆናል እንበል፦ «ካለፈው ችሎት ወዲህ 10 ጉብኝት ተይዞ እናትየዋ 6 ተገኝታለች። ከቀሩት አራቱ ሁለቱን በዋዜማው ደውላ ሰርዛለች፣ ሁለቱን ሳታሳውቅ ቀርታለች። አራቱም ማክሰኞ፣ በፈረንጅ ሰዓት ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ላይ የተያዙ ነበሩ። በሥራ ቦታ ፕሮግራሟ መሠረት ማክሰኞ የምትወጣው 3 ሰዓት ላይ ነው።» አሁን የውሳኔ ሐሳቡ ራሱ ይመጣል፦ «የማክሰኞው ጉብኝት ከ4 ሰዓት በኋላ እንዲሆን ኤጀንሲው በ14 ቀን ውስጥ ያስተካክል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የመገኘት መዝገብ ለሚቀጥለው ችሎት ይቅረብ።» ሰዓቱ ተስተካክሎም ብትቀር ያኔ ሌላ ነገር እየተነጋገርን ነው፤ ዳኛውም በእርግጠኝነት ይወስናሉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ቢሆን እንኳ ለዳኛው የሚያዝዙት ነገር አይሰጣቸውም።

የውሳኔ ሐሳብ እንግዲህ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ነው። «ልጁ የጥርስ ሕክምና ያግኝ» የማንም ሥራ አይደለም። «ኤጀንሲው በ30 ቀን ውስጥ የጥርስ ቀጠሮ ይዞ ቀኑን ለተከራካሪ ወገኖች በጽሑፍ ያሳውቅ» የአንድ ሰው ሥራ ነው። የወንድምና እህቱንም እንዲሁ፦ በሳምንት አንዴ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ማን እንደሚያደርስና ማን እንደሚመልስ ተጠቅሶ። «ማን ያደርሳል» ያልተጻፈበት የጉብኝት ትእዛዝ በሁለተኛው ሳምንት ይወድቃል። ከስምንት በላይ አታብዢ፤ እያንዳንዱም ከላይ ከጻፍሽው አንድ መረጃ ይነሳ። መረጃ የሌለው ሐሳብ ካለ ሰርዢው፣ ሐሳብ ያላስከተለ ረጅም አንቀጽም ካለ አሳጥሪው። ልጁ የት ቤት ይቀመጥ የሚለውን በስም ከመጥቀስሽ በፊት ጠይቂ፤ በብዙ ስቴቶች የቤት ምርጫ የኤጀንሲው ሥልጣን ስለሆነ ዳኛው ማዘዝ የማይችሉትን እየጠየቅሽ ሊሆን ይችላል።

«ይመስለኛል»፣ «ሁልጊዜ»፣ «በጭራሽ» የሚሉትን ፈልገሽ አውጪ። ሪፖርቱን እናትየዋም ታየዋለች፤ በአስተርጓሚ ሲነበብላት የምታፍሪበት ቃል ካለ ምናልባት መጀመሪያውኑ አያስፈልግም ነበር።


ሸንጎ

ለችሎቱ ቀን፦ ሥልጣንሽ በስቴቱ ይወሰናል። ቨርጂኒያ ውስጥ የካሳ ተሟጋች የክርክሩ ወገን አይደለም፤ ምስክር መጥራትም ሆነ መጠየቅ አይችልም፣ ከተጠራ ግን ይመሰክራል። ይህ ሥራ በ1977 በተጀመረባት በሲያትል፣ ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ተሟጋቹ የልጁ ጋርዲያን አድ ላይተም (ለልጁ ጥቅም እንዲቆም ፍርድ ቤት የሚሾመው ወኪል) ሆኖ ሊሾም ይችላል፤ ያኔ የሚደርሰው መጥሪያም የሚናገርበትም ቦታ ሌላ ነው። ስለዚህ ከሌላ ስቴት የተጻፈ ምክር (የኛንም ጨምሮ) ከሱፐርቫይዘርሽ ጋር አመሳክሪው።

ሪፖርቱ ከገባ በኋላ የተለወጠ ነገር ካለ በአንድ ገጽ ተጨማሪ አቅርቢ፤ ችሎት ላይ ድንገት አታፍልቂ። ማስታወሻ ደብተርሽ በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ስለሚችል ለማንም ማሳየት የማትፈልጊውን አትጻፊበት። ሲጠይቁሽ ዳኛዋን ወይም ዳኛውን እያየሽ፣ አጭር መልሺ። የማታውቂውን «አላውቅም፣ እስከዚህ ቀን አረጋግጣለሁ» በይ። ስትወጪ የጽሑፍ ትእዛዙ ቅጂ እስኪደርስሽ ጠይቂ፤ ዳኛው በቃል ያሉትና የተጻፈው አንዳንዴ ይለያያል፣ የሚፈጸመው ደግሞ የተጻፈው ነው። ከዚያ ባለ አምስት ዓምዱን ወረቀት በአዲስ ታሰምሪያለሽ።


ብርቱካን (ጠያቂ)

የሹመት ትእዛዙን አሁን አውጥቼ አየሁት። የትንሹ ልጅ የአባት ስም በአንድ ፊደል ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ይለያል፣ ስለ አእምሮ ጤና መዝገብም ምንም አይልም።


መዝገብ አገላባጭ

ከስልኩ ሌላ ይህም መልሶሽ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም በአንድ ኢሜይል ለሱፐርቫይዘርሽ ጻፊ፤ የትምህርት ቤቱን አጻጻፍ ፊደል በፊደል አያይዢ፣ የተሻሻለ ትእዛዝ እንዲጠየቅ። እስኪመጣ ድረስ አሳዳጊዎቹንና ልጆቹን ጎብኚ፤ ለዚያ የተስተካከለ ወረቀት መጠበቅ አያስፈልግሽም።